ዘንግ የሌላት ሰዓትና አስተርጓሚዋ

ወደ ነቀምቴ የገባ ታላቅ ነገር ሁሉ የገባው በሲሬ በኩል ነው። ስልኩ በሲሬ በኩል ገባ፣ ግብር ሰብሳቢው በሲሬ በኩል ገባ፣ ጉንፋኑም እንደዚሁ። በ፲፱፻፷፬ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ በዚያው መንገድ፣ በአንድ ታላቅ ሰው ግራ እጅ ላይ ተቀምጣ በአውቶቡስ የገባችው ነገር ግን እነዚህን ሁሉ አስናቀች። ያን ዕለት ያልመዘገበ ታሪክ ጸሐፊ ካለ፣ ስለ ሌላው የጻፈውንም ባናምነው ይሻላል።

ሰውየው የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ብንጠራው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ይቀየማሉ። ነገሪቱ ደግሞ የእጅ ሰዓት ናት። እሷን «የእጅ ሰዓት» ብሎ ማለፍ ግን ዲዴሳን «ውኃ» ብሎ እንደ ማለፍ ነው፤ ጉማሬውን መርሳት ይሆናል።

ወርቋ እንደ ቀትር ፀሐይ ያየውን ሰው ያስነጥሳል። ዘንግ የላትም። ፊቷ ላይ እንደ ቤተ መንግሥት መስኮት ሁለት ቀዳዳዎች አሏት፤ በአንዱ ሰዓቱ፣ በሌላው ደቂቃው፣ በቁጥር ተጽፎ ብቅ ይላል። ስልሳው ደቂቃ ሲሞላ የሰዓቱ ቁጥር «ቀጭ!» ብሎ ይዘላል። ይህን ቀጭታ ከከተማው ውጭ ጉቴ ሆነው እንደሰሙ ምለው የሚናገሩ የታመኑ ሽማግሌዎች አሉ። ባትሪ የላት፣ መብራት የላት፤ ሁሉን የሚሠራው ሆዷ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ ነው። ዋጋዋን ሹሙ ለሚስታቸው ለወይዘሮ በዛብሽ እንኳ አልነገሩም፤ ይህም ሰዓቷ ውድ ለመሆኗ፣ እሳቸውም ብልህ ለመሆናቸው በቂ ማስረጃ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሸጠላቸው አርመን አንድ ምክር ሰጥቷቸው ነበር። «ጌታው፣ በየጠዋቱ መሙያዋን ይጠምዝዙ እንጂ ወደ ውጭ አይሳቡ፤ ሰዓቷን ለማስተካከል ካልሆነ በቀር» አላቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ እስከ «አይሳቡ» ድረስ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን፣ እንደ ማንኛውም ሹም፣ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ የመስማት ልማድ ስለሌላቸው ትተውት ወጡ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው፣ እጅጌያቸውን እንደ መጋረጃ ገልጠው፣ አነበቡ።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ!»

ቁርሱ ገና ከጉሮሮው ያልወረደለት ሠራተኛ ሁሉ፣ ምሳ እንዳለፈው ሲሰማ ሆዱን ያዘ።

«ጌታዬ» አለ የመዝገብ ቤቱ ጨመዳ፣ በመስኮት እያየ፣ «ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ አልደረሰችም እኮ።»

«ፀሐይዋ የዋስትና ወረቀት አላት?»

«የላትም፣ ጌታዬ።»

«ይህች አላት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰዓቷ የተሞላችው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል ፈረንጅ ዘጠኝ ይላል። በነቀምቴ ሰዓት ያሰረ ሰው ይህ ችግር ኖሮት አያውቅም። አብዛኛው ሰዓቱን እንደ ፈረንጅ እንደተሞላ ያስርና፣ ሲያነብ የትንሿን ዘንግ አፍ ትቶ ጭራዋን ያያል። አፏ ዘጠኝ ላይ ሲሆን ጭራዋ ሦስት ላይ ነው፤ አለቀ። አገር በዘንግ ጭራ ሲተዳደር ኖሯል፣ አንድ ቀንም አልወደቀም። አሁን ግን ዘንግ የለ፣ ጭራ የለ። መስኮቷ «ዘጠኝ» ካለች ዘጠኝ ነው። በጀርባዋ ቢገለብጧት ወርቅ ብቻ!

«ስድስት እንቀንስላት ይሆን?» አለ ጨመዳ።

«መቀነስ የሒሳብ ክፍል ሥራ ነው» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «እኔ የሰው ሥልጣን አልሻማም።» ጥቂት አሰቡ። ሲያስቡ ግንባራቸው ላይ የሚወጣው ደም ሥር የጠቅላይ ግዛቱን ካርታ ይመስል ነበር። «ይህች ሰዓት አልተሳሳተችም። የውጭ አገር ተወላጅ ሆና የምትናገረው ባይገባን፣ ጥፋቱ የእሷ ነው? ለመሆኑ በዚህ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ አለን ወይስ የለንም?»

አለ። ጉሉማ አለ።

ጉሉማ ዕድሜው አርባን ዘለል ያደረገ፣ ረዘም ያለ ሰው ነው፤ ጎንበስ ሲል ግን ከማንም ያጥራል። በዚያ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ አስተርጓሚ» ሆኖ ኖሯል። ሥራው የባለጉዳዩን ኦሮምኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም፤ ሹሙ ራሳቸው ቅዳሜ ገበያ ላይ የቅቤ ነጋዴዋን በኦሮምኛ ተከራክረው፣ በኦሮምኛ ተሳድበው፣ በኦሮምኛ ታርቀው ይመለሳሉ። የመንግሥት ጆሮ ግን የሚሰማው በአማርኛ ነውና፣ ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ኦሮምኛው ከጆሮአቸው ብን ብሎ ይጠፋል። ለዚህ ነው ጉሉማ የሚያስፈልገው።

ጉሉማም ለሙያው የተፈጠረ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ለሚሲዮን ሐኪም ያስተረጉም ነበር። በሽተኛው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሕመሙን ከነአያቱ ሕመም ሲዘረዝር ያዳምጥና «ሆዱን» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ጥበብ ስንት ሰው እንደዳነ የሚያውቀው አንድ ፈጣሪ ነው፤ ስንቱ እንዳልዳነም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ቋሚ አይደለም። ጊዜያዊ ሰው ጡረታ የለውም፣ ማሰናበቻው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት። ሚስቱ ድርቤ በየዓመቱ መጨረሻ «ዘንድሮስ?» ትለዋለች፤ እሱም ጣሪያውን ያያል።

እንግዲህ ተጠራና ሰዓቷ ፊት ቆመ።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት» ብለው አነበቡ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «ምን ማለቷ ነው?»

ጉሉማ ሰዓቷን አየ፤ መሙያዋንም አየ። መሙያዋ ስቦ አንድ ጊዜ ለሚያዞራት ሰው ሁሉን እንደምታስተካክል ወዲያው ገባው፤ ሲሬ ገበያ ላይ ሰዓት የሚጠግን አጎት ነበረው። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ዘጠኙ ዓመት ጉሮሮው ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ክቡር ጌታዬ» አለ እጁን አጣጥፎ፣ «ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዴ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ መሆኑን በትሕትና አመለክታለሁ ነው የምትለው።»

ሰውን ያሳጥር የነበረ ሰው ሰዓትን እንዲህ ያስረዝማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

«ጨዋ ናት!» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

በማግሥቱ ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። «ጉዳዩ፦ ለሰዓት ቋሚ አስተርጓሚ ስለማስፈቀድ» ይላል። «ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ በሹሙ እጅ ላይ የምትገኘው የውጭ አገር ተወላጅ ሰዓት ያለ አስተርጓሚ ከሠራተኛው ጋር መግባባት ስላልቻለችና፣ ጊዜ ደግሞ የማይመለስ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ ጊዜን በጊዜያዊ ሠራተኛ ማስተርጎም ተገቢ ሆኖ ስላልተገኘ፣ አቶ ጉሉማ በቋሚነት ይመደብልን ዘንድ…» እያለ ሦስት ገጽ ይሄዳል። ግልባጩ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ተደርጓል።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ጉሉማ ከሰዓቷ ከሦስት እርምጃ በላይ እንዳይርቅ ታዘዘ። የሰው ቃል ማስተርጎምም ተከለከለ፤ ሰው ሲያስተረጉም ሰዓቷ ብትናገርስ? ቁጥሯ «ቀጭ» ብላ ስትዘል ሠራተኛው ብድግ ይላል፣ ጉሉማ ያስተረጉማል፣ ሠራተኛው ይቀመጣል። በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ብድግ የሚል መሥሪያ ቤት ሰነፍ ሊባል እንደማይችል ግልጽ ነው።

«ሰዓት እንዴት ያለ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል?» አለችው ድርቤ። «አጎትህ ጋ ወስደህ አታስተካክላትም?»

«ዝም በይ እባክሽ! እሷ የተስተካከለች ቀን እኛ እንበላሻለን።»

እውነቱን ነው። ሹሙ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ እጅጌው መሙያዋን በነካ ቁጥር የጉሉማ ነፍስ እስከ ዲዴሳ ደርሳ ትመለስ ነበር። በመጨረሻ «ለክብሯ ነው» ብሎ ካፖርቱን ራሱ ያወልቅላቸው ጀመር።

በዚህ ሁሉ መካከል መሥሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠው ነበር፤ አዴ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ በቀለች ይባላሉ፣ የጉቴ ገበሬ ናቸው። አንድ ባለጸጋ ጎረቤታቸው ወደ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ አጥሮባቸው፣ ከብቶቻቸው ውኃ ፍለጋ ተራራ ይዞራሉ። ጉዳዩ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር፤ ግን አስተርጓሚ የለም። አስተርጓሚው ከሰዓቷ ጋር ነው። አንድ ቀን ጉሉማ ሹሙን ተከትሎ ሲያልፍ፣ ሦስቱን እርምጃ ሳይለቅ፣ በኦሮምኛ ያዙት።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ? እንደምን አደርክ ልጄ፣ የኔ ቃል መቼ ነው የሚሰማው?»

«አዴ በቀለች፣ ሥራ ላይ ነኝ። ለሰዓቷ እያስተረጎምኩ ነው።»

«የማን አገር ሰው ናት?»

«የስዊስ።»

«እሷም እንደኔ ከሩቅ መጥታለቻ!» አሉ። «ለመሆኑ ማን መንገድ አጠረባት?»

ሹሙ አራተኛ እርምጃቸውን ጀምረው ነበርና ጉሉማ ሮጠ።

በመጋቢት መልስ መጣ። «ስለ ጥያቄው አስፈላጊነት በሥፍራው ተገኝቶ የሚያጣራ መርማሪ ተልኳል» ይላል። ጉሉማ ያን ደብዳቤ ስምንት ጊዜ አነበበ፤ ድርቤም ማንበብ ባትችልም ሁለት ጊዜ አየችው። ወይ ቋሚ፣ ወይ ብጣሽ ወረቀት። መካከል የለም።

መርማሪው አቶ ተረፈ በላንድሮቨር መጡ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ ከጫማቸው በቀር የሚያብረቀርቅ ነገር የሌላቸው ሰው ናቸው። ወንበር ተሰጣቸው፣ ሠራተኛው በግድግዳው ዙሪያ ቆመ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ከኖኅ መርከብ ተነሥቶ፣ በፀሐይና በጥላ በኩል አልፎ፣ ሰዓቷ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሰዓቷ አንድ ጊዜ ዘለለች።

«ቀጭ!»

ሠራተኛው ቆሞ ስለነበር፣ ብድግ የሚልበት ሲያጣ በእግሩ ጣቶች ላይ ቆመ።

«አሥር!» ብለው አነበቡ ሹሙ።

ጉሉማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «የክቡር መርማሪው መንገድ የተቃና እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ፤ አየሩም ይስማማዎታል ብዬ አምናለሁ፤ በነገራችን ላይ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ ትላለች፣ ጌታዬ።»

አቶ ተረፈ ጻፉ። ፊታቸው ምንም አይናገርም። «መመሪያው ከሕዝብ አንድ ሰው ይጠየቅ ይላል» አሉ። «ከሕዝብ አንድ ሰው አለ?»

ሕዝብ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዴ በቀለች ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

«የሰዓት አስተርጓሚ በመሾሙ ሕዝቡ ምን ተጠቀመ?» ብለው አቶ ተረፈ በአማርኛ ጠየቁ። «አቶ ጉሉማ፣ ለዛሬ ብቻ ለሰው አስተርጉም።»

ጉሉማ ጥያቄውን አስተረጎመ። አዴ በቀለች ጉሮሮአቸውን ጠርገው በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ድምፃቸው የገበያ ቀን ድምፅ ነበር።

«ዋቃዮ ይመስክር! አራት ወር እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ከብቶቼ ከሱ፣ አንዲት ጊደር ገደል ገባችብኝ፣ ቃሌን የሚሰማ ጠፋ። ለኔ ያልተገኘ አስተርጓሚ ለብረት ተገኘ። ደግሞ ምን ያስተረጉማል? ያችን ጉብ ያለችውን ጫፍ ስቦ ማዞር ነው! ሲሬ ገበያ ያለው ሰዓት ጠጋኝ በአንድ ትንፋሽ ይሠራታል፤ አጎቱ ነው፣ ይሄው ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ጨዋ ሰው ይህን አጥቶ ነው? አንተ ልጄ፣ ይህንን ሳታስቀር ንገርልኝ።»

ጨመዳ ጣሪያውን አየ። ሒሳብ ሹሙ ጫማውን አየ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰኞ ስለነበር ኦሮምኛ አልሰሙም፤ ጆሮአቸው ግን እስከ ጫፉ ቀላ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ተረፈ።

አዴ በቀለች ጉሉማን እያዩት ነው። ለአፍታ ያህል እውነቱ እስከ ከንፈሩ መጣ፤ ይህ በሙያ ዘመኑ ያልደረሰበት ነገር ስለነበር ደነገጠ። ከዚያ ዘጠኙ ዓመት መጣ፣ ድርቤ መጣች፣ «ዘንድሮስ?» መጣ።

«ሰዓቷን ከልባቸው ይወዷታል፣ ጌታዬ» አለ። «ከሩቅ ድረስ መጥተው፣ እሷን በማየት ብቻ አራት ወር በደስታ ተቀምጠዋል። የሲሬ ገበያ ሳይቀር ያደንቃታል ይላሉ። ያለ አስተርጓሚ እንዳትቀርም ሕዝቡ ይለምናል።»

አዴ በቀለች ረዥም አዩት።

አቶ ተረፈ እስክሪብቶአቸውን ክዳን አለበሱና እጃቸውን ለሹሙ ዘረጉ። «ሰዓቷን ያምጧት።» ተቀበሉ። መሙያዋን በሁለት ጣት ይዘው ሳቧት። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጁ ጥርሱን ሲነቀል እንዳየ ሰው ጮኹ። አቶ ተረፈ አዞሩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መልሰው ሰጧቸው። መስኮቷ «አራት» ይላል።

«ልክ እኚህ ሴት እንዳሉት ነው» አሉ መርማሪው። «ይሳባል፣ ይዞራል።»

ክፍሉ ውስጥ ዝንብ የነበረች እንደሆነ እሷም ቆመች።

«እኔ የተወለድኩት ጊምቢ ነው» አሉ አቶ ተረፈ። «አባቴ ያወጣልኝን ተረፋ የሚለውን ስም ተረፈ ያደረገው ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቃል አላመለጠኝም፣ አቶ ጉሉማ።»

ጉሉማ ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ ይማሩኝ፤ ባለቤት አለችኝ፣ ዘጠኝ ዓመት…»

«ተነሥ! የምን ምሕረት ነው?» አሉ አቶ ተረፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየ። «ሰው ሁሉ ቋንቋውን በሚሰማበት ክፍል፣ ተናጋሪዋ ፊት ለፊትህ ቆማ፣ ድምፅህ ሳይንቀጠቀጥ! ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሲፈልግ ስንት ዓመቱ መሰለህ? ከየጠቅላይ ግዛቱ አቤት ባይ ይመጣል፣ ያለቅሳል፤ ያሉን አስተርጓሚዎች ደግሞ የተባለውን ሁሉ እየተናገሩ ክቡራኑን እንቅልፍ ይነሧቸዋል። የሰዓት አስተርጓሚነቱ ተሰርዟል። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነህ። አዲስ አበባ ትመጣለህ።»

በሳምንቱ ጉሉማና ድርቤ ዕቃቸውን ጭነው፣ በሲሬ በኩል ወጡ። መሸኛው ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አለቀሱ። ዕንባው ለጉሉማ ይሁን ለሰዓቷ እስካሁን አልተጣራም።

በማግሥቱ ጠዋት አዴ በቀለች ቢሮው ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታው» አሉ ጥርት ባለ አማርኛ። «የምንጬን ነገር ልንገርዎ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከወንበራቸው ተነሡ። «አማርኛ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«አራት ወር በረንዳችሁ ላይ ተቀምጬ ሌላ ምን ልማር ኖሯል፣ ሽመና?»

«ጉሉማ የተናገረውን ሁሉ ሰምተሻል በይኛ!»

«ሰምቻለሁ። አሳምሮ ይናገራል። አሁን የኔን ይስሙኝ።»

ሹሙ መዝገቡን አስወጡ፤ ገለጡ፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ በእውነተኛ ኀዘን ዘጉት።

«መዝገብሽ የተከፈተው በአስተርጓሚ የሚሰማ ተብሎ ነው።»

«እኔ እኮ በአማርኛ እየነገርኩዎ ነው።»

«እሰማለሁ፤ ግን አስተርጓሚ የለም። እኔ ሕግ አልጥስም።»

ከቀትር በኋላ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ አዴ በቀለች ከሚቀመጡበት ድንጋይ በላይ፣ ባለ ማኅተም ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንበብ የሚችል አላፊ አግዳሚ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ «መሥሪያ ቤታችን አንድ አስተርጓሚ አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።»